የድሪቶ ቀን

በፖለቲካ የምንከራከር ኢትዮጵያውያን አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ለማጣጣል ሲፈልግ «የቃላት ድሪቶ» ይለዋል። ይህ ዘለፋ እኔንም ሁለት ጊዜ ደርሶኛል፤ አንደኛው ይገባኝ ነበር ብል ሐሰት አይሆንም። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ከብጣሽ ጨርቅ ተቀጣጥሎ ስለሚሰፋው ስለ እውነተኛው ድሪቶ ነው።

ባለፈው ጥር፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ በዋለበት ሰኞ፣ ሥራ ዝግ ስለነበረ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቴ ሳልወጣ ዋልኩ። ሁለት ሻንጣና አንድ ካርቶን ሙሉ ጨርቅ አለኝ። ከአገር ቤት የመጣ፣ ከሱቅ የተገዛ፣ ልጆች የጠበባቸው፣ ሁሉም ተደባልቆ ነው የኖረው። ጨርቅ የሚለይ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቀለሙን ነው። ስህተት ነው። መቅደም ያለበት ዘሩን መለየት ነው፤ ጥጥ ከጥጥ፣ ፖሊስተር ከፖሊስተር። ካልታወቀ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ ይበቃል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጠር ይሆናል። (ይህን ከጭስ ማስጠንቀቂያው ራቅ ብላችሁ ሞክሩት።) ጥጥ የሚችለውን የካውያ ሙቀት ፖሊስተር ስለማይችል፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋ ሰው በኋላ ይቆጨዋል። የእኛ የእጅ ሽመና ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሽመናው ልል ስለሆነ ከተቆረጠበት ጫፍ ይተረተራል፤ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ የጥለቱ ቀለምም አንዳንዴ ይለቃል። ስለዚህ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል፣ ከጀርባውም በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ይደረግለታል። እስከ ቀትር ስለይና ሳጥፍ ቆየሁ። ከዚህ የተሻለ ዕረፍት አላውቅም።

አሜሪካኖች «ክዊልት» የሚሉት ድሪቶ ሦስት ንብርብር ነው። ከላይ የተቀጣጠለው ብጣሽ፣ ከመሐል እንደ ባዘቶ ያለ ንጣፍ፣ ከሥር ገበሩ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከላይ እስከ ሥር የሚያልፈው ስፌት ነው፤ እሱ ባይኖር ባዘቶው ተንሸራቶ አንድ ጥግ ይከማቻል። ብጣሾቹ ሲገጣጠሙ ለስፌት የሚተወው ጠርዝ ሩብ ኢንች ነው። በእያንዳንዱ ስፌት የፀጉር ያህል ብትዛነፉ፣ ሃያኛው ብጣሽ ላይ ስትደርሱ ጠርዝና ጠርዝ አልገናኝ ይላል።

እኛ ታዲያ ይህን ሙያ የምናውቀው በውርደት ስሙ ነው። ሸማኔውን እየናቅን ሸማውን ስንለብስ የኖርን ሰዎች ድሪቶን ብንጠየፍ አይገርምም። ልጆች ሳለን እናቴ የተጣፈ ልብስ ለብሰን ከግቢ እንድንወጣ አትፈቅድም ነበር።

አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል፣ ወንዝ በሦስት ወገን የከበበው የጥቁሮች መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው በዚያው እርሻ የነበሩ ባሪያዎች ተወላጆች ናቸው። ሴቶቹ ብርዱን ለመከላከል ያረጀ የሥራ ልብስ እየቀደዱ ድሪቶ ይሰፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ጥቁሮቹ ወደ ካምደን ተሻግረው ለመራጭነት ለመመዝገብ መነሣት ሲጀምሩ የወንዙ ጀልባ እንዲቋረጥ ተደረገ። ዶክተር ኪንግ በ1965 መንደሩን ጎበኙ። ጀልባው የተመለሰው ግን በ2006 ነው። 44 ዓመት! በዚያው በ2006 የእነዚያ ሴቶች ድሪቶ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ፤ አስቀድሞም በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎ በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ሚዙሪ ፔትዌይ ባላቸው በሞቱ ጊዜ፣ በ1942፣ የሟቹን የሥራ ልብሶች ቀድደው ድሪቶ ሰፉ። ልጃቸው በኋላ እንደተናገሩት፣ ባላቸውን እያስታወሱ በፍቅር ሊለብሱት ነው።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሻንጣው ሥር ያለው የእናቴ ቀሚስ ዕረፍት ነሥቶኛል። እናቴ ስታርፍ ወረቀቴ ስላልተስተካከለ አልቀበርኳትም። ቀሚሱን እህቴ ላከችልኝ፤ ስምንት ዓመት አጥፌ አስቀመጥኩት። የዚያን ቀን ስዘረጋው በእጥፉ መስመር ላይ መሳሳት ጀምሯል። (ጨርቅ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ከታጠፈ በዚያው ይበጠሳል፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ አጣጠፉን መለወጥ ነው። እኔ ግን መንካቱን ፈርቼ ነበር።)

ለታላቅ እህቴ ደወልኩላት። «እትዬ፣ የእማዬን ቀሚስ ልቆርጠው ነው» አልኳት።

ዝም አለች። «ድሪቶ ልታደርጊው?» አለችኝ በመጨረሻ። «እማዬ ይህን ብትሰማ!»

ስለ ጂስ ቤንድ ላስረዳት ሞከርኩ። «እነሱ ቸግሯቸው ነው። አንቺን ምን ቸገረሽ?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። አሁንም ቢሆን የተሟላ መልስ የለኝም። «እንግዲህ ጥለቱን እንዳትነኪ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ጥለቱን አልነካሁም። መቀሱን ያስገባሁት ጨርቁ ቀድሞውንም ካረጀበት ከብብቱ በኩል ነው። ገልብጬ ሳየው ከውስጥ የግማሽ መዳፍ ያህል እራፊ ተጥፎበታል፤ ነጭ በነጭ ክር፣ ከውጭ እንዳይታወቅ ስፌቱ እጅግ ደቃቅ ነው። የእናቴ እጅ ነው፤ አውቀዋለሁ። ያንን ብጣሽ ለድሪቶው መሐል መደብኩት፣ እራፊው ወደ ላይ እንዲታይ አድርጌ።