ሳይሰማ የሚከፈት በር፦ የሮታሪ ሞተርን የአየር ማስገቢያ በዙር ብዛት መቆጣጠር

አንዳንድ ሞተሮች የዙራቸው ብዛት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በድንገት የሚበረቱ ይመስላሉ። አሽከርካሪው የነዳጅ መስጫውን እንደረገጠ ነው፤ የጨመረው ነገር የለም። ሆኖም ጀርባው ከመቀመጫው ጋር ሲጣበቅ ይሰማዋል፤ ደስም ይለዋል። ይህ ደስታ በፊዚክስ ዓይን ሲመረመር ከጥቂት ሰከንዶች በፊት የባከነ ጉልበት ማስረጃ ሆኖ ይገኛል። ጉዳዩን ለማብራራት ማዝዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራውን አር.ኤክስ-7 መኪናና ባለቤቶቹ በሞተሩ ላይ የሚገጥሙትን የዙር ማብሪያ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን።

ቫልቭ የሌለው ሞተር

በተለመደው የፒስተን ሞተር አየር የሚገባውና ጭስ የሚወጣው በሞላ እየተገፉ በሚዘጉ ቫልቮች አማካይነት ነው። ጀርመናዊው ፊሊክስ ዋንክል (እ.ኤ.አ. 1902-1988) የፈለሰፈው ሮታሪ ሞተር ግን እነዚህ ቫልቮች የሉትም። ጎኖቹ በመጠኑ ወደ ውጭ ያበጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። በቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች የሚገልጣቸውም የሚሸፍናቸውም ሮተሩ ራሱ ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር በጀርመኑ ኤን.ኤስ.ዩ ኩባንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 ሠራ፤ ማዝዳም ፈቃዱን ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስሞ የተባለውን ባለ ሁለት ሮተር መኪና ለገበያ አቀረበ።

ወደ ፊት የሚያስፈልገንን አንድ ቁጥር እዚህ ላይ እንያዝ። ሮተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ሮተሩ ሦስት ጎኖች ስላሉት ዘንጉ በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ሮተር አንድ ጊዜ አየር ይስባል፤ አንድ ጊዜም ያቃጥላል። ስለዚህ ባለ ሁለት ሮተር ሞተር በዘንጉ አንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል ማለት ነው።

የቫልቭ አለመኖር ሞተሩን ቀላልና ለስላሳ ያደርገዋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ቀዳዳው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ በብረቱ ላይ ተቆርጦ የቀረ ነውና ሊለወጥ አይችልም።

በሩ መቼ ይዘጋ?

የአየር መሳቢያው ምት ሲያበቃ የክፍሉ መጠን ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ መጨመቅ ይጀምራል። ቀዳዳው በዚያው ቅጽበት መዘጋት ያለበት ይመስላል። ይሁን እንጂ አየር ክብደት አለው፤ በቱቦ ውስጥ ሲሮጥ የቆየ አየር በግዕዘት ምክንያት ወዲያው አይቆምም። የውሃ ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ ቱቦው የሚንኳኳው በዚሁ ጠባይ የተነሳ ነው። ሞተሩ በፍጥነት በሚዞርበት ጊዜ ቀዳዳው ጥቂት ዘግይቶ ቢዘጋ፣ ክፍሉ መጥበብ ከጀመረ በኋላም እንኳ አየሩ በሩጫው እየገፋ ይገባል።

ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ሁኔታው ይገለበጣል። በአር.ኤክስ-7 ባለ ስድስት ቀዳዳ ሞተር ላይ ዋናዎቹ ቀዳዳዎች የሚዘጉት ክፍሉ ከፍተኛ መጠኑን ካለፈ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ በኋላ ሲሆን፣ ተጨማሪዎቹ ግን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ድረስ ይቆያሉ። የሮታሪ ሞተር ክፍል መጠን በሳይን ቀመር ስለሚለዋወጥ የሚባክነውን ማስላት አያስቸግርም። በ40 ዲግሪ ላይ ክፍሉ ከሚስበው መጠን 5 በመቶ ያህሉን አጥቦ ይገኛል፤ በ80 ዲግሪ ላይ ግን 20 በመቶውን። አንዱ ክፍል የሚስበው 654 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሆነ የመጀመሪያው 35፣ ሁለተኛው ደግሞ 130 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። አየሩ የሩጫ ጉልበት ከሌለው ከገባው አምስት እጅ አንዱ በመጣበት ይመለሳል።

ሁለቱን የሚለያቸው ጊዜ ነው። ከ40 እስከ 80 ዲግሪ ያለው ርቀት በደቂቃ 1000 ዙር ሲሆን 6.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ በደቂቃ 6000 ዙር ሲሆን 1.1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ለአንዱ ፍጥነት የረዘመው ጊዜ ለሌላው አጭር ነው።

የማዝዳ መፍትሔ ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት ቀዳዳዎች መስጠት ነበር፤ ሁለቱ ዘወትር ክፍት ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ከፊቱ በቱቦ ቅርጽ የተሠራ ተዟዟሪ በር ተደርጎለታል። በዝቅተኛ ዙር በሩ ተዘግቶ ይቆያል፤ በከፍተኛ ዙር ይከፈታል። በሮታሪ ሞተር ላይ "የአየር ማስገቢያ ቫልቭ" ሲባል የሚታሰበው ይህ በር ነው።

ከጭስ ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ

ከእ.ኤ.አ. 1984 እስከ 1988 በተሠሩት ባለ ስድስት ቀዳዳ አር.ኤክስ-7 መኪኖች በሩን የሚያዞረው የጭሱ ግፊት ነበር። ሞተሩ ብዙ ጭስ ሲያወጣ በጭስ ማውጫው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ በቀጭን ቱቦ አልፎ ዲያፍራም ይገፋል፤ ዲያፍራሙ በሩን ያዞራል። ዘዴው ብልህነት አለበት፤ ሽቦም ኮምፒዩተርም ሳይኖር ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሚጠቀም ይለካል።

ድክመቱ የሚታየው ባለቤቱ ማርሚታውን ጭስ በቀላሉ በሚያሳልፍ ሌላ ማርሚታ ሲለውጠው ነው። ሞተሩን ለማበርታት ብሎ ያደረገው ለውጥ ግፊቱን ስለሚቀንሰው በሩ ጨርሶ ላይከፈት ይችላል። ሞተሩ በተሻለ ሁኔታ መተንፈስ ሲገባው በከፍተኛ ዙር ይታፈናል። እንዲህ የሚሆነው የሚፈለገው ነገር የዙር ብዛት ሆኖ ሳለ የሚለካው የእርሱ ወኪል ስለሆነ ነው። ማዝዳ ራሱ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ በጭሱ ፈንታ የአየር ፓምፕ ግፊትን በኤሌክትሪክ ቫልቭ እየተቆጣጠረ መጠቀም ጀመረ። የቀድሞዎቹን ሞዴሎች የያዙ ሰዎችም ተመሳሳዩን በራሳቸው እጅ ያደርጋሉ፤ የሞተሩን ዙር የሚቆጥር ማብሪያ ገጥመው አንዲት ትንሽ የአየር ፓምፕና ሶሌኖይድ ቫልቭ ያዛሉ።

ዙርን መቁጠር

የዙር ምልክት የሚገኘው ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚሰጠው ኮይል ነው። ማብሪያው የሚያየው ዙርን ሳይሆን የኤሌክትሪክ ምትን ስለሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ "በአንድ ዙር ስንት ምት?" የሚለው ነው። እያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላዎች አሉት፤ ቀዳሚና ተከታይ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 በተሠሩት ሞዴሎች ቀዳሚዎቹን ካንዴላዎች የሚመግበው አንድ ኮይል ስለሆነ በአንድ ዙር ሁለት ምት ይሰጣል። ተከታዮቹ ግን ለየብቻቸው ኮይል ስላላቸው እያንዳንዱ አንድ ምት ብቻ ይሰጣል።

ማብሪያው በደቂቃ 3800 ዙር ላይ እንዲሠራ ብንፈልግ ከቀዳሚው ኮይል የሚመጣው ድግግሞሽ 3800 በ60 ተካፍሎ በ2 ሲባዛ 126.7 ሄርዝ ይሆናል። ሽቦው በስሕተት ከአንዱ ተከታይ ኮይል ላይ ቢወሰድ ይኸው ድግግሞሽ የሚገኘው በ7600 ዙር ነው። እስከ 1988 የተሠሩት ሞዴሎች የዙር ጣሪያቸው 7000 ስለሆነ በሩ መቼም አይከፈትም። ገበያ ላይ ያሉ የዙር ማብሪያዎች የሲሊንደር ብዛት ይጠይቃሉ፤ ለባለ ሁለት ሮተር ሞተር መልሱ "አራት" ነው። ባለ አራት ምት ሞተር አራት ሲሊንደር ሲኖረው እርሱም በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላልና።

ድግግሞሽን ወደ ቮልቴጅ ከሚለውጡ አይሲዎች አንዱ ኤል.ኤም.2917 ነው። አሠራሩን ለመረዳት ታቹ የተበሳ ባልዲ እናስብ። በእያንዳንዱ ምት አንድ ጣሳ ውሃ ይጨመርበታል፤ ውሃው በቀዳዳው ይፈሳል። ምቶቹ ሲፈጥኑ የውሃው ከፍታ ይጨምራል። ጣሳው አንድ ካፓሲተር ነው፤ ቀዳዳው ሬዚስተር ነው፤ ባልዲው ደግሞ ሁለተኛው ካፓሲተር ነው። የሚገኘው ቮልቴጅ የአይሲው የውስጥ ቮልቴጅ (7.56 ቮልት)፣ ድግግሞሹ፣ የመጀመሪያው ካፓሲተርና ሬዚስተሩ ሲባዙ የሚወጣው ውጤት ነው። ካፓሲተሩ 10 ናኖፋራድ፣ ሬዚስተሩ 100 ኪሎ ኦም ቢሆን በ126.7 ሄርዝ 0.96 ቮልት እናገኛለን። አይሲው ይህን ቮልቴጅ ከተወሰነ መመዘኛ ጋር አነጻጽሮ ይወስናል።

የሚያመነታ ማብሪያ

በባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ጣሳ በተጨመረበት ቁጥር ይናወጣል። ሁለተኛው ካፓሲተር 1 ማይክሮፋራድ ቢሆን ነውጡ 36 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ወደ ዙር ሲመነዘር በደቂቃ 150 ያህል ዙር ማለት ነው። አሽከርካሪው በ3800 ዙር አካባቢ ረጋ ብሎ ቢነዳ ማብሪያው በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይበራል፤ ይጠፋል፤ የሪሌው መገናኛ ይቃጠላል፤ በሩም ይንቀጠቀጣል። ካፓሲተሩን ማሳደግ ነውጡን ይቀንሳል፤ ማብሪያውን ግን ያዘገየዋል።

መድኃኒቱ በየቤቱ አለ። ተንሳፋፊ ማብሪያ ያለው የውሃ ታንከር ፓምፑን የሚያስነሳው ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ነው፤ የሚያጠፋው ግን ወደ ላይ ሲደርስ ነው። ሁለቱ ከፍታዎች አንድ ቢሆኑ ፓምፑ ዕረፍት አያገኝም። ይህ በመክፈቻና በመዝጊያ መካከል የሚተው ክፍተት ሂስተሬሲስ ይባላል። በእኛ ማብሪያ በሩ በ3800 ዙር ይከፈት ዘንድ መመዘኛው 0.96 ቮልት ይሆናል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ከውጤቱ ወደ መመዘኛው በተዘረጋ ሬዚስተር አማካይነት ወደ 0.88 ቮልት ይወርዳል፤ በሩም የሚዘጋው በ3500 ዙር ነው። ክፍተቱ ከነውጡ መብለጥ አለበት፤ 300 ከ150 ይበልጣል።

የሽቦው ሥራ

ሽቦ በሚዘረጋበት ጊዜ አራት ነገሮች ቸል ሊባሉ አይገባም። አንደኛ፣ በኮይሉ የመጀመሪያ ወገን ላይ ብልጭታው ሲፈጠር ቮልቴጁ ከ300 ቮልት በላይ ሊዘል ስለሚችል ምልክቱ ወደ አይሲው የሚገባው በከፍተኛ ሬዚስተርና በዜነር ዳዮድ ተገድቦ ነው። ሁለተኛ፣ የአይሲው መውጫ የሚችለው 50 ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ ሪሌው በትራንዚስተር በኩል ይነዳ። ሦስተኛ፣ ሪሌውም ሶሌኖይዱም ጥቅልል ሽቦ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በመግነጢሳዊ መስካቸው ያከማቹት ጉልበት መውጫ ፈልጎ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል። በየጥቅልሉ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚገጠም ዳዮድ ይህን ጉልበት በሰላም ያሳልፋል። አራተኛ፣ ከባትሪው የሚነሳው ሽቦ እዚያው ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው።

ሶሌኖይድ ቫልቩ ባለ ሦስት አፍ መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የፓምፑን አየር ወደ ዲያፍራሙ ያሳልፋል፤ ሲያጣ ደግሞ የዲያፍራሙን አየር ወደ ውጭ ይለቃል። ባለ ሁለት አፍ ቢሆን አየሩ ታስሮ ስለሚቀር በሩ አይዘጋም። ሽቦ ቢበጠስ ወይም ፊውዝ ቢቃጠል በሩን ሞላው ይዘጋዋል፤ መኪናው በከፍተኛ ዙር ይደክማል እንጂ ባለቤቱን ቤቱ ያደርሰዋል። ዲያፍራሙ የተሠራው ለጭስ ግፊት ብቻ ስለሆነም የፓምፑ ግፊት መገደብ ይኖርበታል።

ትክክለኛው ዙር የትኛው ነው?

አሁን ወደ ተነሳንበት ጉዳይ እንመለስ። ሞተሩን በሩ ተዘግቶ እንዳለ በሁሉም ዙር ብንለካውና የመጠምዘዝ ኃይሉን በግራፍ ብንስል አንድ መስመር እናገኛለን፤ በሩን ከፍተን ስንደግመው ሌላ መስመር። የመጀመሪያው በዝቅተኛ ዙር ይበልጣል፤ ሁለተኛው በከፍተኛ ዙር። ሁለቱ የሚቋረጡበት ነጥብ በሩ ሊከፈት የሚገባው ቦታ ነው። በዚያ ነጥብ ላይ ሁለቱ ኃይሎች እኩል ስለሆኑ በሩ ሲከፈት አሽከርካሪው ምንም ሊሰማው አይችልም።

መቋረጫው 3800 ሆኖ ሳለ ማብሪያው 4500 ላይ ቢደረግ ግን በዚያ ዙር ኃይሉ ከታችኛው መስመር ወደ ላይኛው ይዘላል። ጀርባን ከመቀመጫ የሚያጣብቀው ይህ ዝላይ ነው። በ3800 እና በ4500 መካከል በሁለቱ መስመሮች የታጠረው ስፋት ደግሞ ሞተሩ ሊሰጥ ሲችል ያልሰጠው ነው። በተቃራኒው ማብሪያው ቀድሞ ከተከፈተ ኃይሉ ለጊዜው ሲወርድ ይሰማል። ስለዚህ ማስተካከያው ቀላል መመሪያ አለው፤ ግፊት ከተሰማ ዙሩን ዝቅ ማድረግ፣ መድከም ከተሰማ ከፍ ማድረግ። ሙከራው የሚደረገው በመለኪያ ማሽን ላይ ወይም ለትራፊክ በተዘጋ ሜዳ ነው።

አንድ ነገር ግን ለቀድሞው ዘዴ ሊመሰከርለት ይገባል። የጭስ ግፊት የዙር ብዛትን ብቻ ሳይሆን የነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደተረገጠም ይናገር ነበር። የዙር ማብሪያ ይህን አያውቅም፤ በቀላል ጭነት በከፍተኛ ዙር ስንነዳም በሩን ይከፍታል። በዚያን ጊዜ የአየሩን መጠን የሚወስነው በከፊል የተዘጋው ዋናው የአየር በር ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ከመለኪያው የወጣ መረጃ መኖሩ መታወቅ አለበት። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ ባቀረበውና እስከ 2012 ባመረተው አር.ኤክስ-8 ላይ፣ በባለ ስድስት ቀዳዳው ሞተር፣ ተጨማሪዎቹን በሮች በኮምፒዩተር በሚታዘዝ ኤሌክትሪክ ሞተር እንዲዞሩ አደረገ፤ ሌሎች የአየር መንገዶችንም በየደረጃው በተለያየ ዙር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረበው ባለ አንድ ሮተር ሞተር ደግሞ ጄኔሬተር ብቻ ያዞራል እንጂ ከጎማዎቹ ጋር አልተያያዘም። ስለዚህ በስንት ዙር መሥራት እንዳለበት የሚወስነው የመኪናው ፍጥነት አይደለም።