ሣሩን ማሽን ያጭዳል፣ ውኃውን ኮምፒውተር ይከፍታል፤ ሒሳቡን የምንከፍለው ግን እኛው ነን

"አውቶማቲክ" የሚለው ቃል በአሁኑ ጊዜ በየማስታወቂያው ላይ ተለጥፎ ይታያል። የሣር ማጨጃው አውቶማቲክ፣ የአትክልት ማጠጫው አውቶማቲክ፣ ደብዳቤ የሚጽፈው የስልክ ፕሮግራም አውቶማቲክ፤ የጥልፍ መኪናው እንኳ አልቀረም። አንዳንዶቹ በእርግጥ ድካም ያቀልላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ በሚገባ ካልተያዙ ባለቤታቸው ሳያውቅ ኪሱን ያራቁታሉ። በመጠን ትንሽ ከሆነው፣ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ከሚያባክነው እንጀምር።

ማህሼብ ሀሽካያ የሚባለው የማጠጫ ኮምፒውተር ከቧንቧው ራስ ጋር የሚገጠም፣ አብዛኛውን ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ነው። ስሙ ኮምፒውተር ይሁን እንጂ ተራው ዓይነት ከሰዓት ብዙም አይበልጥም። በታዘዘው ሰዓት ውኃውን ይከፍታል፣ በታዘዘው ሰዓት ይዘጋል። ዝናብ መዝነቡን፣ መሬቱ መርጠቡን፣ ቱቦው በመዶሻም ሆነ በመኮትኮቻ መቀደዱን አያውቅም። ከእሱ ቀጥሎ የሚዘረጋው ጥቁር ቱቦ በየተወሰነ ርቀት ታፍታፋ፣ ማለትም የጠብታ ማውጫ አለው። ይህ የጠብታ መስኖ እዚሁ አገር ያደገ ጥበብ ነው፤ የኢንጂነር ሲምሐ ብላስን ሐሳብ ይዞ ኔታፊም የተባለው ድርጅት በ1965 በኔጌቭ በሚገኘው በኪቡጽ ሐጼሪም ሥራ ጀመረ። ውኃ ለመቆጠብ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት ይከብዳል። ቁጠባው ግን የሚገኘው ሰዓቱን በትክክል ለሚያዘው ሰው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በግቢያችሁ 100 ታፍታፋዎች ቢኖሩና እያንዳንዱ በሰዓት 2 ሊትር ቢያወጣ፣ በሰዓት 200 ሊትር ማለት ነው። በቀን ለግማሽ ሰዓት ቢከፈት 100 ሊትር፣ በወር 3,000 ሊትር ወይም 3 ኩብ ሜትር ይሆናል። ይህ የሚቻል ነው። አንድ ሰው ቁልፉን ሲነካካ ግማሹ ሰዓት ሦስት ሰዓት ቢሆንስ? በቀን 600 ሊትር፣ በወር 18 ኩብ ሜትር ይፈሳል። ጠብታ ድምፅ ስለሌለው፣ ሥራውም የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው በየሁለት ወሩ የሚላከው የውኃ ሒሳብ ሲመጣ ነው።

18 ኩብ ሜትር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? የውኃ ዋጋ በሁለት ደረጃ የተከፈለ ነው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 3.5 ኩብ ሜትር በዝቅተኛው ዋጋ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ያለው በከፍተኛው ዋጋ ነው። ስለዚህ ያ የተሳሳተ ሰዓት ብቻውን ከአምስት ሰዎች ድርሻ በላይ ይጠጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ ስለ አትክልት ከሚወራው ሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። የውኃ ድርጅቱ፣ ታጊድ ማይም፣ በቤታችሁ ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቀው እናንተ ስታሳውቁት ነው። ካላሳወቃችሁ ሁለት ሰው ብቻ አድርጎ ይቆጥራል። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት በሁለት ሰው ሲቆጠር በዝቅተኛው ዋጋ የሚያገኘው 7 ኩብ ሜትር ነው፤ የሚገባው ግን 24.5 ነበር። ብዙ ልጆች ባሉበት፣ አያትና አያት አብረው በሚኖሩበት በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመጨረሻውን የውኃ ሒሳብ አውጥታችሁ "የነፍስ ቁጥር" የሚለውን፣ በዕብራይስጥ ሚስፓር ነፋሾት የተባለውን መስመር ተመልከቱ። ቁጥሩ ከጎደለ የማሳወቂያውን ቅጽ ሞልታችሁ፣ ልጆቹ ከተጻፉበት የመታወቂያው ሴፌሕ ቅጂ ጋር ላኩ። ልጅ ሲወለድም፣ ሰው ገብቶ አብሯችሁ መኖር ሲጀምርም እንዲሁ።

ወደ አትክልቱ እንመለስ። ጎመንና ቃሪያ በበጋ ውኃ ይፈልጋሉ። ጤና አዳም ግን ድርቅ የሚችል ተክል ነው፤ ሥሩ ሁልጊዜ ከራሰ ይበሰብሳል። ሁሉም በአንድ ቱቦ ላይ ከሆኑ ኮምፒውተሩ ለሁሉም እኩል ያጠጣል፤ ስለዚህ ለጤና አዳሙ ጥቂት ታፍታፋ ብቻ መተው ወይም በእጅ ማጠጣት ይሻላል። ሰዓቱ ማለዳ ቢሆን ፀሐይ ውኃውን አትወስደውም። ባትሪው በጋ ሳይገባ ይቀየር፤ በአንዳንዱ ዓይነት ውኃው ክፍት ሳለ ባትሪው ካለቀ ውኃው እንደተከፈተ ሊቀር ይችላል። ክረምቱ ሲገባና ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፉት። ቱቦ ተቀዶ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩት። የሚዞር ከሆነ ውኃው አንድ ቦታ እየሄደ ነው።

የሣር ማጨጃው ሮቦት ሌላ ነገር ነው። ይህ ማሽን እንደ ቤት ጠራጊው ሮቦት ራሱን ችሎ ይዞራል፣ ባትሪው ሲደክም ወደ ጣቢያው ተመልሶ ራሱን ይሞላል። ስዊድናዊው ሁስክቫርና በፀሐይ ኃይል የሚሠራውን የመጀመሪያውን ዓይነት በ1995 ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት የተመሠረተ ፍሬንድሊ ሮቦቲክስ የተባለ የእስራኤል ኩባንያም ሮቦሞው በሚል ስም የራሱን ሠርቶ በዓለም ሸጧል። የቆዩት ዓይነቶች በግቢው ዳር በሚቀበር ሽቦ ድንበራቸውን ያውቃሉ፤ አዳዲሶቹ በሳተላይትና በካሜራ ይመራሉ።

ሮቦቱ የሚሠራው ረጅም ሣር በመጣል ሳይሆን አጭሩን ሣር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በመቁረጥ ነው። ብጣሹ እዚያው ወድቆ ለመሬቱ ምግብ ይሆናል። ስለዚህ ለወር ያልታጨደ ግቢ ላይ ቢለቁት አይሆንለትም። የአጥርና የመንገድ ዳርን አያደርስም፤ ቁልቁለት፣ ድንጋይና የሕፃናት መጫወቻ ያስቸግሩታል። እዚህ አገር በብዛት ከሚተከሉት ሣሮች አንዱ ኪኩዩ ይባላል፤ አመጣጡ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ከእኛም ደጋ ነው። ሌላው ያብሊት የሚሉት ነው፤ በአገራችን ሰርዶ የምንለው፣ ገበሬው ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው። እዚህ በገንዘብ ይገዛል፣ ሮቦትም ተቀጥሮለታል። ሁለቱም በበጋ በፍጥነት ስለሚያድጉ ለሮቦቱ ሥራ አያጡለትም። ለሀያና ሠላሳ ሜትር ካሬ ሣር ግን ሮቦት መግዛት በእኛ አስተያየት ትርፍ ወጪ ነው፤ ተራ የእጅ ማጨጃ ይበቃል። ከገዛችሁም ልጆች ግቢ ውስጥ እያሉ አታስነሡት፤ ቢላዋው ትንሽ ቢሆንም ጣት ይቆርጣል። ሌሊትም አይሥራ፤ ጃርት የሚወጣው በሌሊት ነው።

ስለ ግዢው ሁለት ነገር እወቁ። ዋጋው ከ400 ሼኬል በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ የአንድ ዓመት አሕራዩት፣ ማለትም ዋስትና አለው፤ ወረቀቱን ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል፤ ሻጩ የሚወስደው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼኬል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ አገር ከገቡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ከሻጩ ጋር በንግግር ተስማምተው ከሆነ ለመሰረዝ አራት ወር አላቸው። በስልክ ደውሎ "አሁኑኑ ካልገዙ ቅናሹ ያልፋል" የሚል ሻጭ ይህን አይነግራችሁም። አባቶችና እናቶች ዘንድ ስለሚደወል በቤት ውስጥ ንገሯቸው።

ጥልፍ ለሚወዱ በአጭሩ፦ በኮምፒውተር የሚሠራው የጥልፍ መኪና ንድፉን በራሱ አይፈጥርም። ንድፉ ለመኪናው በሚገባው ፋይል መዘጋጀት አለበት፤ ፋይሉን ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የቀሚስ ጥለት ለማዘዝ ስትሄዱ "ፋይሉ የማን ይሆናል?" ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ያለበለዚያ ለሚቀጥለው ቀሚስ እንደገና ትከፍላላችሁ።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። ቻትጂፒቲን የመሳሰሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች በዕብራይስጥ መጻፍ ለሚከብደው ሰው ትልቅ እገዛ ናቸው። በአትክልተኝነት፣ በቀለም ቅብ ወይም በጽዳት ለብቻው የሚሠራ ሰው ሥራውን በአማርኛ ወይም በተሰባበረ ዕብራይስጥ ነግሮ ጥሩ የዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤ ማውጣት ይችላል። ሲላክ ግን አንድ መስመር ይጣራ። ፕሮግራሙ ከዋጋው ሥር "ሲደመር ማዓም" ብሎ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ኦሴክ ፓቱር የሆነ ሰው ማዓም አያስከፍልም፣ የሚሰጠውም ካባላ እንጂ ሐሽቦኒት ማስ አይደለም። ያ መስመር ካልወጣ ደንበኛው ፊት ያሳፍራል፤ ከቀረጥ ቢሮም ጋር ያጣላል። የሥራ ታሪክ፣ ማለትም ኮሮት ሐዪም ስታጽፉም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ለማሳመር ብሎ ያልሠራችሁትን ሥራና የማታውቁትን ሙያ ይጨምራል። በቃለ መጠይቅ የሚጠየቀው ግን ፕሮግራሙ አይደለም።

የመጣ ደብዳቤ ለማስነበብም ስልክ ይጠቅማል፤ ጉግል ትርጉም አማርኛን ከ2016 ጀምሮ ይዟል። የገንዘብ ወረቀት ላይ ግን ተጠንቀቁ። በዕብራይስጥ ዝኹት መብት ነው፤ በባንክና በውኃ ሒሳብ ላይ ግን ለእናንተ የሚገባ ገንዘብ ማለት ነው። ሖቫ ግዴታ ነው፤ በሒሳብ ላይ ግን ዕዳ ነው። ማሽኑ "የመብት ቀሪ" ወይም "የግዴታ ቀሪ" ብሎ ከተረጎመ፣ ያላችሁንና ያለባችሁን ለይታችሁ አታውቁም። ቀን የተቆረጠበትን፣ ፍርድ ቤትን ወይም የማስፈጸሚያ ቢሮን የሚመለከት ደብዳቤ ለሰው አስነብቡ። የመታወቂያ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የሐኪም ወረቀትም በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ አታስገቡ።

በመጨረሻ፣ ካብላኑ ማሽን ገዝቶ "ከእንግዲህ አንፈልግህም" ስላለው ሠራተኛ። ማሽን መግዛቱ የአሠሪው መብት ነው፤ ሠራተኛውን በአንድ ቃል ማሰናበት ግን አይፈቀድለትም። ከስንብት በፊት ሺሙዓ ሊያደርግ ይገባል፤ ይኸውም አስቀድሞ ጠርቶ፣ ምክንያቱን ነግሮ፣ የሠራተኛውን መልስ የሚሰማበት ስብሰባ ነው። ዳሩን የሚከረክም፣ ቱቦ የሚጠግን፣ ሮቦቱ የተጣበቀበትን የሚያወጣ ሰው አሁንም ያስፈልጋልና ይህን በሺሙዓው ላይ መናገር፣ ለሥልጠናም መጠየቅ ይቻላል። ቢሰናበት አንድ ዓመት የሠራ ሰው ፒጹዪም ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ነው። ቅድመ ማስታወቂያውም አለ። የወር ደመወዝተኛ ከአንድ ዓመት በኋላ የአንድ ወር ማስታወቂያ ይገባዋል፤ በሰዓት የሚከፈለው ግን ሙሉ ወር የሚያገኘው ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ነው። የትኛው እንደሆናችሁ ታሉሹ ላይ ተጽፏል። ሺሙዓው ሲደረግ ዕብራይስጥ የሚችል ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ እዚያው ፈርሙ የተባላችሁትን ወረቀት ደግሞ ሳታስነብቡ አትፈርሙ።