ሆስፒታል የወለደው ዩኒቨርሲቲ

የሕክምና ትምህርት ቤቶች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በመማሪያ ክፍል ነው። በቅድሚያ ዩኒቨርሲቲው ይከፈታል፤ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ሆስፒታል ቆይቶ ይሠራለታል። በሪያድ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የንጉሥ ሰዑድ ቢን ዐብዱልዐዚዝ የጤና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ግን የመጣው በተቃራኒው መንገድ ነው። ሆስፒታሉ በ1983 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ዘቡን ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸውን ለማከም ተከፈተ። የከተማው ሰው ዛሬም «የሐረስ ሆስፒታል» እያለ ይጠራዋል። ዩኒቨርሲቲው ከጎኑ የበቀለው ከ22 ዓመታት በኋላ ነበር።

ይህ የሆነበት ምክንያት የመንግሥቱን የሕክምና ታሪክ መለስ ብሎ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ የመጀመሪያው የሕክምና ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ1969 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን የሚሻ ወጣት ወደ ካይሮ ወይም ወደ ሌላ አገር መሄድ ነበረበት። የነዳጅ ሀብት ሆስፒታሎቹን በፍጥነት ሲያስገነባ ሕንፃውን የሚሞላው ሰው በአገሩ አልነበረም። ሐኪሙ ከግብፅ፣ ከሶርያ ወይም ከፓኪስታን፣ ነርሷም ከፊሊፒንስ ወይም ከሕንድ ይመጡ ነበር። ብዙዎቹ በሙያቸው የተመሰገኑ ቢሆኑም ውላቸው ሲያልቅ ልምዳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የቋንቋውም ነገር ቀላል አልነበረም። ሕመሙን በባዕድ ቋንቋ ለማስረዳት ሲቸገር የኖረ፣ «እዚህ ጋ ይወጋኛል» የሚለውን በእጁ ብቻ ያመለከተ ስደተኛ የዚህን ክብደት ያውቀዋል። በባህረ ሰላጤው አገሮች የሚኖረው አበሻ እንግዳ ሆኖ የሚገጥመውን ችግር የበረሃው አዛውንት በገዛ አገራቸው ይጋፈጡት ነበር።

ስለዚህ የሆስፒታሉ አስተዳደር ትምህርቱን የጀመረው በነርሶች ነው፤ የነርሲንግ ኮሌጁ ከዩኒቨርሲቲው ዕድሜ ይቀድማል። በእርግጥም ለሙስሊሙ ማኅበረሰብ ይህ ሙያ ከውጭ የመጣ አይደለም። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመዲና መስጂድ በተተከለ ድንኳን ቁስለኞችን ትንከባከብ እንደነበር የሲራ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) የታከሙት በእርሷ ድንኳን ነው። ያም ሆኖ ሴት ልጁ በሌሊት ተረኛ ሆና እንድትሠራ መፍቀድ ለብዙ አባት ከባድ ውሳኔ ሆኖ ቆይቷል።

የሕክምና ኮሌጁ በ2004 ተከተለ። በሙሐረም 25 ቀን 1426 ሂጅሪያ፣ ማለትም በማርች 6 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.፣ ኮሌጆቹን በአንድ ጥላ ሥር የሚያሰባስበው ዩኒቨርሲቲ በንጉሣዊ ድንጋጌ ተመሠረተ። በጤና ሳይንስ ብቻ የተወሰነ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመንግሥቱ ሲቋቋም ይህ የመጀመሪያው ነበር። ስሙ እንግዳን ሳያደናግር አይቀርም፤ በዚያው በሪያድ በ1957 የተከፈተውና ለዓመታት የሪያድ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ቆይቶ በ1982 የዛሬ ስሙን ያገኘው የንጉሥ ሰዑድ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ተቋም ነው። አዲሱን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ የመሩት የተጣበቁ መንታዎችን በመለየት ቀዶ ሕክምና በዓለም የታወቁት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ዐብዱላህ አል-ረቢዓህ ሲሆኑ፣ በ2009 የጤና ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

የሕክምና ኮሌጁ ሥርዓተ ትምህርቱን የወሰደው ከአውስትራሊያው የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ ሥርዓት መምህሩ ለረጅም ሰዓት እየተናገረ ተማሪው ሲጽፍ አይውልም። ጥቂት ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአንድ በሽተኛ ታሪክ ይቀርብላቸዋል። ትኩሳት አለው፣ ያስለዋል፣ ከሦስት ቀን በፊት ከጉዞ ተመልሷል። ምን እናውቃለን? ምንስ ይጎድለናል? ብለው ይከራከራሉ፤ የጎደላቸውን ፈልገው በሚቀጥለው ስብሰባ ይመለሳሉ። ለዓመታት በቃል ሲያጠና ላደገ ተማሪ ይህ አስጨናቂ ለውጥ ነው። ኮሌጁ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመጡትን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ሕክምና ለመማር የሚሹትንም ተቀበለ፤ ይህም ለመንግሥቱ አዲስ ነገር ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ከሪያድ ሌላ በጅዳና በአል-አሕሳ ቅጥሮች አሉት። ጅዳ የሐጅና የዑምራ ተጓዦች መግቢያ በር ናት። በቴምር ዛፎቿ የታወቀችው አል-አሕሳ ደግሞ ማጭድ መሰል የቀይ ደም ሕዋስ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ በብዛት የሚተላለፍባት አውራጃ ናት። ከ2004 ጀምሮ ለመጋባት ያሰቡ ሁሉ የደም ምርመራ እንዲያደርጉ በመንግሥቱ ግዴታ ሆኗል። በአል-አሕሳ የነርሲንግና የተግባራዊ ሕክምና ሳይንስ ኮሌጆች መከፈታቸው ከዚህ አንጻር ትርጉም አለው፤ ውጤቱን የሚያነበውም ሆነ ለእጮኛሞቹ የሚያስረዳው ባለሙያ እዚያው የሚሠለጥን ነውና።

ተቋሙ እጅግ የተፈተነው በ2015 በጋ ነው። በ2012 በጅዳ ከታመመ ሰው ናሙና ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው የመርስ ኮሮና ቫይረስ ዩኒቨርሲቲው በሚያስተምርበት የሪያድ ሆስፒታል ተዛመተ። በተጨናነቀው የድንገተኛ ክፍል ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ እየተሻገረ 130 ሰዎችን ያዘ፤ ከእነዚህ 43ቱ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። የድንገተኛ ክፍሉ ተዘጋ፤ አስቸኳይ ያልሆኑ ቀዶ ሕክምናዎችም ቆሙ። በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጠናው የትኩሳትና የሳል ታሪክ በገዛ ኮሪደራቸው ደረሰ ማለት ነው።

ቫይረሱ ወደ ሰው የሚመጣው ከግመል ነው። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሱዳን ግመሎች ደም ውስጥም የበሽታው ምልክት ተገኝቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከቀይ ባሕር ማዶ ላሉት አርብቶ አደሮችም ሩቅ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተቆራኘው የንጉሥ ዐብዱላህ ዓለም አቀፍ የሕክምና ምርምር ማዕከል ከእንግሊዙ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በዲሴምበር 2019 የመርስ ክትባትን በሰው ላይ መሞከር ጀመረ። ሙከራው 24 ጤነኛ ፈቃደኞችን አሳተፈ። ገና ሳይጠናቀቅ ሌላው ኮሮና ቫይረስ ዓለምን አጥለቀለቀ፤ ያው የኦክስፎርድ የክትባት አሠራርም ለእርሱ ዋለ። የመርሱ ሙከራ ውጤት በ2022 ታተመ፤ ክትባቱ በፈቃደኞቹ ሰውነት የመከላከያ ምላሽ ማስነሣቱም ተገለጸ።