ከጅቡቲ ባሕር ዳር እስከ በረዶው አህጉር

በሐምሌ ወር ጅቡቲ ከተማ የሰነበተ ሰው የሙቀትን ነገር ሌላ እንዲነግረው አያስፈልገውም። በጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ሐምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ከምዕራብ አቧራ ይዞ በመጣ ጊዜማ ቤተ ሰብ ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል። በዚሁ ወር፥ ሐምሌ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.፥ በደቡብ ዋልታ አገር በአንታርክቲካ፥ ቮስቶክ በተባለው የምርምር ጣቢያ ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ብርድ ተለክቷል።

አህጉሩ ከኢትዮጵያ 12 እጥፍ ይሰፋል፤ 98 በመቶ የሚሆነውም በበረዶ የተሸፈነ ነው። የሚያስደንቀው ግን፥ ይህ ሁሉ በረዶ ተከምሮበት ሳለ ምድረ በዳ መሆኑ ነው። በመካከለኛው ከፍተኛ ቦታ በዓመት የሚወርደው በረዶ ቢቀልጥ 50 ሚሊሜትር ውሃ እንኳ አይሞላም፤ ደረቂቱ ጅቡቲ ከዚህ የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። በረዶው የተከማቸው የወረደው ሳይቀልጥ በብዙ ሺህ ዓመታት ስለ ተደራረበ ነው።

ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው፥ አፋሮች ጨው በግመል ሲጭኑበት የኖሩት የአሳል ሐይቅም በዚያ ዘመድ አለው። ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 የተገኘችው ዶን ሁዋን የተባለች ትንሽ ኩሬ ናት። ጨውነቷ ከአሳል ስለሚበልጥ፥ ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሲደርስ እንኳ ውሃዋ በረዶ አይሆንም።

ከእንስሳቱ መካከል ለቤተ ሰብ ጨዋታ የሚስማማው ንጉሠ ነገሥት ፔንጉዊን የተባለው፥ መብረር የማይችል ወፍ ነው። እናቲቱ በብርዱ ወራት አንድ እንቁላል ጥላ ለአባትየው ታስረክብና ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ትሄዳለች። እርሱም እንቁላሉን በእግሮቹ ላይ አኑሮ፥ በሆዱ ቆዳ ሸፍኖ፥ ከሌሎች አባቶች ጋር ተጠጋግቶ ሁለት ወር ያህል ምንም ሳይቀምስ ይቆማል። (እኛ ምሳ ሲዘገይብን የምናሰማውን ጉርምርምታ እዚህ ላይ ባናነሣው ይሻላል።) ጫጩቱ ውሃ የሚከላከል ላባ እስኪያበቅል ድረስ ግን በባሕሩ ላይ የረጋው በረዶ ጸንቶ መቆየት አለበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በቤሊንግስሃውዘን ባሕር ዳርቻ በረዶው ያለ ጊዜው ተሰባብሮ፥ ከአምስት የፔንጉዊን መንደሮች በአራቱ ጫጩቶቹ ሳያድጉ እንዳለቁ መርማሪዎች ከሰማይ በተነሡ ሥዕሎች ተረድተዋል።

በባሕር ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ ሲቀልጥ የባሕሩን ከፍታ እምብዛም አይለውጥም፤ በየብስ ላይ ያለው ወደ ባሕር ሲወርድ ግን ከፍ ያደርገዋል። ሁሉም ቢቀልጥ የዓለም ባሕሮች 58 ሜትር ያህል ከፍ በሚሉ ነበር። ያ የብዙ ምእት ዓመታት ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ለጅቡቲ ከተማ አንዲት ሜትር እንኳ ብዙ ናት። ብዙዎቹ ሰፈሮቿ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አይሉም፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውም ዕቃ አብዛኛው የሚራገፈው በዚሁ ባሕር ዳር በተሠሩት ወደቦች ላይ ነው።