ያረጀች ገርቢል በድንገት ስትታመምና ስትሞት

ልጆች ትምህርት ቤት፣ ወላጆች ሥራ ላይ ሲሆኑ ቀኑን ሙሉ ከቤት እንስሳት ጋር የሚውሉት ብዙ ጊዜ አያቶች ናቸው። ትናንት ስትሯሯጥ የነበረች ገርቢል ዛሬ ጠዋት ጥግ ላይ ተኮማትራ ስትገኝ መጀመሪያ የሚያይዋት እነሱ ይሆናሉ። ማታ ደግሞ ልጁ «እኔ ምን አድርጌያት ነው የሞተችው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚጠበቀው ከእነሱ ነው። ስለዚህ የእንስሳዋን እድሜ፣ የሕመሟን ምልክቶችና መደረግ ያለበትን ማወቅ ይጠቅማል።

ገርቢል ምን ዓይነት እንስሳ ናት?

ገርቢል ከአይጥ ወገን ናት። ኦገር ከምትባለው እንስሳ የምትለየው በረጅምና ጸጉራም ጭራዋ ነው። በየቤቱ የምትረባው የሞንጎሊያ ገርቢል ስትሆን፣ በ1866 አርማንድ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ቄስ ከሰሜን ቻይና ወደ ፓሪስ ልከዋት በሳይንስ ዓለም ታወቀች። አገር ቤት አይጥ የጎተራ ጠላት ስለነበረች፣ «ታማለች» ብሎ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ለብዙ አዛውንት እንግዳ ነገር ነው። ለልጁ ግን ስም አውጥቶላት በእጁ እያበላ ያሳደጋት ጓደኛው ናት።

ገርቢል በአብዛኛው የምትኖረው ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው። 2 ዓመት ካለፋት ወደ እርጅና እየሄደች ነው። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ የተገዛች ገርቢል፣ አራተኛ ክፍል ሲደርስ አሮጊት ናት።

ለምን ድንገተኛ ይመስላል?

በዱር ጉጉትና ቀበሮ የሚያድኗት እንስሳ ስለሆነች፣ ድካሟን ካሳየች ትበላለች። ስለዚህ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች። ሰው «በአንድ ሌሊት ሞተች» የሚላት ገርቢል ብዙ ጊዜ ለሳምንታት ታማ የቆየች ናት።

የተደበቀውን ለማወቅ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መመዘን ነው። 80 ግራም የምትመዝን ገርቢል 8 ግራም ቀነሰች ማለት፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 7 ኪሎ እንደ ከሳ ነው። ወደ ሚዛኑ ስትወሰድ በእፍኝ ወይም በኩባያ ትያዝ። ጭራዋን ይዞ ማንሳት ቆዳውን ሊገፍፈው ይችላል።

በእርጅና የሚመጡ ሕመሞች

በጭንቅላት ውስጥ የደም ዝውውር ሲታወክ (ስትሮክ) አንድ ጎኗ ይደክማል፤ ትወድቃለች ወይም ባለችበት ትዞራለች። አንዳንዶቹ በሙቀትና በእንክብካቤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻላቸዋል። ጭንቅላቷ ወደ አንድ ጎን ከተጋደለ የጆሮ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ብዙ ገርቢሎች ሲደነግጡ የሚጥላቸው መንቀጥቀጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዘር የሚመጣ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል።

በሆዷ መካከል ጸጉር የሌለው ቢጫማ ቦታ አለ። ይህ ቁስል ሳይሆን የሽታ ዕጢ ነው። ካበጠ፣ ከደማ ወይም ቅርፊት ከያዘ ግን ዕባጭ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በሽማግሌ ወንዶች ላይ ይታያል። በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። ባረጁ ሴቶች ደግሞ እንቁላል ማፍሪያው ውኃ ቋጥሮ ሆዳቸው ይነፋል፤ መተንፈስም ያስቸግራቸዋል።

የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ። በእርጅና ካልተሞረዱ ምግብ እያለ በረሃብ ትሞታለች። ይህን ሐኪም በቀላሉ ይቆርጠዋል። በዓይኗና በአፍንጫዋ ዙሪያ የሚታይ ቀይ ነገር ሁልጊዜ ደም አይደለም፤ ከዓይን ዕጢ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ሲበዛ ግን ጭንቀት ወይም ሕመም እንዳለ ያመለክታል። ተቅማጥ፣ እያፏጨ የሚወጣ ትንፋሽና ምግብ መተው ለነገ የማይባሉ ናቸው፤ ትንሽ ሰውነት ቶሎ ይደርቃል።

ሙቀትም ይገድላታል

«የበረሃ እንስሳ ናት፤ ሙቀት ትችላለች» የሚባለው ስህተት ነው። በአገሯ ፀሐይ ሲበረታ ቀዝቃዛ ጉድጓዷ ውስጥ ትገባለች፤ በሳጥን ውስጥ ግን ማምለጫ የላትም። በሻራቭ ቀን ሁሉም ሲወጣ ማዝጋኑ ጠፍቶ መስኮት ሥር የተተወች አሮጊት ገርቢል እስከ ማታ ላትቆይ ትችላለች። ተዘርራ ከተገኘችና አገጯ ከረጠበ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ወስዶ በእርጥብ ጨርቅ ቀስ በቀስ ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ ውኃ ውስጥ መንከር ይገድላታል።

ታማ ስትገኝ

ሙቀት ካልሆነ ያመማት፣ መጀመሪያ ማሞቅ ነው። ለብ ያለ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ በሳጥኑ አንድ ጎን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሲበዛባት ወደ ሌላው ጎን ትሸሻለች። ምግብና ቁራጭ ዱባ ወይም ኪያር አፏ አጠገብ ይደረግ። ራሷን ለሳተች እንስሳ ውኃ በአፏ ማንቆርቆር ግን ወደ ሳንባዋ ገብቶ ያንቃታል። ከቤት የተገኘ የሰው መድኃኒትም አይሰጣትም። ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው መድኃኒት ለምሳሌ ለገርቢል መርዝ ነው።

ከዚያ ለእንስሳት ሐኪም (ወተሪናር) መደወል ነው። ሁሉም ትንንሽ እንስሳት ስለማያክሙ «ገርቢል ታያላችሁ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ መንገድ ያስቀራል። ሐኪሙ ተስፋ የለም ካለ፣ ያለ ስቃይ በመርፌ እንድታርፍ ማድረግ ጭካኔ አይደለም።

ከሞተች በኋላ

ገርቢሎች ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ ሬሳው ቶሎ መነሳት አለበት። ጓደኛዋ ልትነካክሰው ትችላለች፤ ልጁ ይህን ካየ «ገደለቻት» ይላል። ይህ ግን ከሞት በኋላ የሚደረግ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። ሬሳው በጓንት ተይዞ በላስቲክ ይጠቀለላል፤ ሳጥኑ ይጸዳል፤ እጅ በሳሙና ይታጠባል። የት እንደሚጣል የከተማውን አስተዳደር (ዒሪያ) በ106 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ብቻዋን የቀረችው ትብሰለሰል ይሆናል። ሆኖም እንግዳ ገርቢል ወዲያው አብሯት አይገባም፤ እስከ ሞት ይናከሳሉ።

ለልጁ ምን ይባላል?

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አዛውንት ያውቃሉ፤ ሰው ሳይዘጋጅ፣ በር ላይ ቆሞ አይነገርም። ለልጁም ቁጭ አድርጎ፣ እጁን ይዞ መንገር ነው። «ተኝታለች» ወይም «ሄዳለች» ማለት ግን ጉዳት አለው። ትንሽ ልጅ መተኛትን ሊፈራ፣ ወይም ትመለሳለች ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። «ሞታለች» የሚለው ቃል ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው።

ከዚያ እድሜዋን ማስላት ይቻላል። 3 ዓመት የኖረች ገርቢል እድሜዋን ጨርሳለች፤ ሕመሟንም ከሰው ሁሉ ደብቃለች። ልጁ ካበላትና ካጠጣት፣ ሳጥኗን ካጸዳ፣ የሞተችው በእሱ ጥፋት አይደለም። ይህን ከአያቱ አፍ መስማት ያስፈልገዋል።