አሮጌ የወጥ ቤት ሴራሚክን በቀለም ስለ ማደስ

የወጥ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ መልኩ ሲጠፋ ወይም ባለቤቱ ሲሰለቸው፣ በመጀመሪያ የሚታሰበው አፍርሶ በአዲስ መተካት ነው። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ሴራሚክ በብር ሲተመን ምን ያህል እንደሚከብድ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መተረክ አያስፈልግም። በዚህም ላይ የማፍረሻው የእጅ ዋጋ፣ ሲሚንቶው፣ የፍርስራሹ ማስወጫና አብሮ የሚረግፈው ልስን ይጨመራል። ስለዚህ አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ወደ ቀለም ሱቅ ጎራ ብሎ «በሴራሚክ ላይ የሚቀባ ቀለም አላችሁ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

ቀለሙስ በእርግጥ አለ። ነገር ግን ጥያቄውን የሰማው ባለ ሱቅ አንድ ጋሎን የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም አንሥቶ ቢሰጥ፣ ገንዘቡን ዛሬ ይቀበላል፤ ደንበኛውን ግን ቀለሙ በተላጠ ቀን ያጣዋል።

ምክንያቱ ከሴራሚኩ አሠራር የመጣ ነው። ውስጡ ውሃ የሚመጥ ሸክላ ቢሆንም፣ ፊቱ በከፍተኛ ሙቀት የቀለጠ ብርጭቆ ነው። ቀለም ልስንን አጥብቆ የሚይዘው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ እየገባ ስለሚደርቅ ነው፤ በብርጭቆ ላይ ግን የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። ከዚህም በላይ በየቀኑ ሽንኩርት በሚቁላላበት ወጥ ቤት የዘይትና የቅቤ ጭስ በግድግዳው ላይ እየተለጠፈ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል። ይህ ካልታጠበ ቀለሙ የሚያርፈው በሴራሚኩ ላይ ሳይሆን በቅባቱ ላይ ነው።

ስለዚህ የሥራው ትልቁ ክፍል ቆርቆሮው ሳይከፈት የሚፈጸም ነው። ግድግዳው ቅባት በሚያስለቅቅ ሳሙናና በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ በንጹሕ ውሃም ይለቀለቃል። (በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከአሞኒያ ጋር ቀላቅሎ ማጠብ መርዘኛ ጋዝ ስለሚያስነሣ፣ ይህን ለገዢው ማስጠንቀቅ የሻጩ ግዴታ ሊሆን ይገባል።) በማጠቢያው ገንዳ ዙሪያ አሮጌ ሲሊኮን ካለ ቀለም ስለማይዝ ተፍቆ ይወጣል። ከዚያም ፊቱ ማብለጭለጩን እስኪተው ድረስ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ይህም ሲሆን ወረቀቱ በውሃ ቢረጥብ ይመረጣል፤ በቀድሞ ዘመን የተሠራ ሴራሚክ በፊቱ ላይ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን መተንፈስ፣ ይልቁንም ለሕፃናት፣ ጎጂ ነው። ግድግዳው በሚገባ ከደረቀ በኋላ በለሰለሰ ፊት ላይ ለመያዝ የተሠራ ፕራይመር ይቀባል፤ በላዩም ከእርሱ ጋር የሚስማማ ቀለም ሁለት ጊዜ በስሱ ይደረባል። አንድ ጊዜ በወፍራሙ መቀባት ሥራውን ያሳጠረ ይመስላል እንጂ ያበላሸዋል። ቀለሙ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለእጅ ደረቅ ቢሆንም፣ ፈጽሞ እስኪጠነክር ድረስ እንደ ዓይነቱ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ይፈጃልና እስከዚያው በብርቱ መታሸት የለበትም።

«አይሆንም» የሚባልበትም ቦታ አለ። ወለል፣ የሥራ ጠረጴዛ ፊትና ከእሳቱ ጀርባ ሙቀት በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አይመቹም። ይህን አስቀድሞ የነገረ ሻጭ አንድ ቆርቆሮ ሳይሸጥ ቢቀርም ስሙን ያተርፋል።

አስመጪው ሊያስብበት የሚገባው ደግሞ የዕቃው መጠን ነው። 3 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ስፋቱ 1.80 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ ቅብ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ ለሁለቱ ቅብ ከግማሽ ሊትር ያነሰ ይበቃል። ጋሎን ግን ከሚያስፈልገው ዘጠኝ እጥፍ በላይ ነው! በቁጠባ ለመሥራት የመጣ ሰው የማይጠቀምበትን ቀለም እንዲገዛ ሲገደድ ወደ ኋላ ይላል። ስለዚህ ሩብና ግማሽ ሊትር የሚይዙ ቆርቆሮዎች፣ ከፕራይመሩ፣ ከትንሽ ሮለርና ከብርጭቆ ወረቀት ጋር በአንድነት ቢቀርቡ ገዢም ሻጭም ይጠቀማሉ። ኢፖክሲ የሆነ እንደ ሆነ ግን ባለ ሱቁ እየቀነሰ በሌላ ዕቃ መሸጥ የለበትም፤ ቀለሙና ማጠንከሪያው ፋብሪካው በወሰነው ልክ ካልተቀላቀሉ አይጠነክርምና። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም ከ90 ሚሊ ግራም፣ እንዳይበልጥ ስለ ወሰነች፣ የፋብሪካውን የምርመራ ወረቀት ከትእዛዙ ጋር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ቅሬታ ይዞ የሚመለስ ደንበኛ ቢኖር ከተላጠው ቀለም ቁራጭ እንዲያመጣ መጠየቅ ይበጃል። ፕራይመሩ አብሮ ተነሥቶ ሴራሚኩ እንደ ቀድሞው የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ጉድለቱ የአጠባው ወይም የፍግፈጋው ነው። ፕራይመሩ በግድግዳው ላይ ቀርቶ ቀለሙ ብቻ ከተላጠ ግን፣ ፕራይመሩ ሳይደርቅ ተደርቦበታል፤ አለዚያም ሁለቱ ዕቃዎች የማይስማሙ ናቸው። የማይስማሙትን አጣምሮ የሸጠው ሱቁ ከሆነ፣ ገንዘቡን መልሶ ነገሩን ከአስመጪው ጋር መነጋገር የሱቁ ፋንታ ነው።