የቀይ ጤፍ ብረት ከየት ይመጣል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሰንበቴ ገበያዋ እሁድ ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኙበት በዚህ ገበያ፣ እንደ ሌላው አገር ሁሉ፣ ጤፍ ከማሽላ ይወደዳል። የጤፍን ተፈላጊነት ከሚያጠናክሩት እምነቶች አንዱ «ቀይ ጤፍ ደም ይተካል» የሚለው ነው፤ ደም አነሰሽ የተባለች ነፍሰ ጡር ወይም አራስ በመጀመሪያ የምትሰማው ምክር ይኸው ነው። የቆላ ቤተሰብ ማሽላውን ሸጦ ለእናቲቱ ደም ሲል ጤፍ እንዲገዛ የሚገፋፋ ምክር ከሆነ፣ በምን ላይ እንደቆመ መመርመር ግድ ይላል። በእኔ እምነት የቆመው በተሳሳተ ልኬት ላይ ነው።

በተለያዩ ጥናቶች የተመዘገበው የቀይ ጤፍ ብረት በ100 ግራም ከ12 ሚሊግራም ገደማ ተነስቶ ከ150 በላይ ይደርሳል። የዘርና የማሳ ልዩነት ብቻውን አንድን እህል ይህን ያህል አያራርቀውም፤ ከውጭ የገባ ነገር አለ። እሱም አፈር ነው። ጤፍ በአውድማ ላይ በከብት እግር ይወቃል። ፍሬው ከመድቀቁ የተነሳ 1 ግራም ውስጥ ከ2500 በላይ ይገኛል፤ በዚያ ሁሉ ፍሬ ላይ የተጣበቀውን ትቢያ ማንፈስም ሆነ ወንፊት ጨርሶ አያስለቅቀውም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 5 በመቶው ብረት የሆነ አፈር 1 ግራም ብቻ ከ100 ግራም ጤፍ ጋር ቢቀላቀል 50 ሚሊግራም ብረት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት ይህንኑ ከአውድማ የሚመጣ ብክለት አመልክቶ ነበር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ ለጤፍ 7.6፣ ለማሽላ ደግሞ 3.4 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል። ጤፍ እዚህም ይበልጣል፤ የሚበልጠው ግን በእጥፍ ያህል እንጂ በአርባ እጥፍ አይደለም።

«ከአፈርም ይምጣ፣ ብረት ብረት ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ደም ባነሳቸው አይጦች ላይ የተደረገ ጥናት የአፈር ብረት ለደም የሚያበረክተው ነገር እንዳለ አሳይቷል። ይሁንና በአፈር ውስጥ ያለው ብረት አብዛኛው የዝገት ዓይነት ነው፤ በአንጀት ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ በልኬት የታየው ሁሉ ወደ ደም አይገባም። የሕዝቡ ጤናም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፦ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አገኘ። ጤፍ በል ደገኛ ከቆለኛው የተሻለ ደም አለው የሚለውም ማስረጃ ጤፍን ብቻውን አያስመሰግንም፤ ደም የሚያሳጡት ወባና ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በቆላ ይበረታሉና።

ዋናው ጥያቄ እህሉ ስንት ብረት ያዘ ሳይሆን ሰውነት ስንቱን ወሰደ ነው። በጤፍም በማሽላም ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረቱን አስሮ ይይዛል። እርሾ ገብቶበት በደንብ የቦካ ሊጥ ፋይቴቱን ይቀንሳል፤ ማሽላን አብቅሎ መፍጨትም እንዲሁ። ሎሚ፣ ቲማቲምና ፓፓያ ያላቸው ቫይታሚን ሲ፣ ትንሽም ብትሆን ሥጋ፣ ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛሉ። አንዳንድ ማሽላ ታኒን ስላለው መምጠጡን እንደሚያከብድ መካድ አይቻልም። ቡናም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ከሃምበርገር ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደቀነሰ አገኘ። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ቡና አልጎዳም፤ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ቀንሷል። ስለዚህ «ከበላሽ በኋላ አንድ ሰዓት ታግሰሽ ጠጪ» የሚለው የተለመደ ምክርም በቂ አይደለም።

ጤፍን ማቃለል አልፈልግም፤ ግሩም እህል ነው። የነፍሰ ጡር የብረት ፍላጎት ግን በእንጀራ ብቻ ስለማይሞላ፣ በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠውን የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብል ቀይ ጤፍ አይተካውም። የምግብ ሠንጠረዥ የሚያዘጋጁ ተቋማትም ከእያንዳንዱ የጤፍ ቁጥር ጎን ናሙናው በአውድማ ይሁን በሸራ ላይ ወይም በማሽን መወቃቱን፣ ከመለካቱ በፊት መታጠቡንም ጨምረው ቢያትሙ፣ ሐኪሙም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ለእናቶች የሚናገሩት ከእህሉ ስለሚገኘው ብረት ይሆናል።